ፖምፓው እስኪመጣ የተያዘ መርዶ

የእናቴን ሞት የሰማሁት ከመኪና ሥር ነው።

በአንድ እጄ ወተት የሞላ ጣሳ ይዤ፣ በሌላው የነጠላዬን ጫፍ ከጭቃው ሰብስቤ፣ ከነጋዴው ሱቅ ጀርባ ወደቆመችው ፒካፕ እየተጠጋሁ ነበር። የሾፌሩ ሁለት እግሮች ብቻ ከሥሯ ወጥተው ይታያሉ። የመኪናዋ ባለቤት ነጋዴው ከጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ሾፌሩ አፉ ውስጥ የገባውን ናፍጣ እንትፍ ብሎ ተፋና እንዲህ ሲል ሰማሁት።

"እኔ ምን ላድርግ ጌታው? ፖምፓው የመጣው ዛሬ ነው። የሐኪሟ እናት ከሞተች ወር አልፏታል፣ አርባዋ ደጃፋችን ላይ ቆሟል። ቀድማችሁ አትነግሯትም ነበር? እኔ መች አፋችሁን ያዝኩት?"

ሐኪሟ የሚሉት እኔን ነው። እንጅባራ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ድሬሰር ነበርኩ። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ ምጥ የያዛት ስትመጣ አዋልዳለሁ። ሐኪም በማይገኝበት አገር ይህን ለሚሠራ ሰው ሌላ ስም አይወጣለትም። እናቴ የነበረችው ከአባይ ማዶ፣ ሸዋ ነው።

ነጋዴው ዘወር ሲል አየኝና እጁን አፉ ላይ ጫነ፣ የተናገረው እርሱ ይመስል። ኋላ የከተማው ሰው ሲያወራ ጣሳው ከእጇ ወደቀ፣ ወተቱም ፈሰሰ ይላል አሉ። አልወደቀም። አጎንብሼ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት፣ ጠብታም አልፈሰሰ። ሾፌሩ በጀርባው ተንፏቆ ወጣ። መጀመሪያ እኔን አየ፣ ቀጥሎ ወተቱን። ጥቂት አመነታ። ከዚያ ጣሳውን አነሣና ግጥም አድርጎ ጠጣው። ጢሙ ላይ ወተትና ናፍጣ ተቀላቅሎ እየወረደ፣ በእጅጌው እየጠረገ፣ በዚያው አፉ "እግዜር ያጥናሽ" አለኝ። ከሐዘኑ በፊት የመጣብኝ መጸየፍ ነው። ሁለቱ እስከ ዛሬ አልተለያዩልኝም። የእናቴን ሞት ባሰብኩ ቁጥር ዓይኔ እንባ ከማቅረሩ በፊት አፌን በነጠላዬ እጠርጋለሁ።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ሕፃን እንኳ በሚጾመው ጾም ወተት ተሸክሜ መሄዴ ራሱ ከብዶኝ ነበር። ሾፌሩ ግን ናፍጣውን ከታንከሩ በጎማ ቱቦ የሚስበው በአፉ ነው፤ የዋጠውን የሚያበርደው ደግሞ ወተት ብቻ ነው ብሎ ሁሉንም አሳምኗል። አከራዬ፣ ያቺ ደግ አሮጊት፣ ጥጃዋን እያስለቀሰች ታልብለታለች። የዚያን ዕለት እግሯን አሟት ስለነበር "አድርሺልኝ ልጄ፣ ነፍስ ነው" ብላ ሰጠችኝ። ፊቴን አዙሬ ነው የተሸከምኩት።

እንዴት እንደተደበቀብኝ ልናገር። ከአገሬ የመጣው መልእክተኛ እኔ ዘንድ አልመጣም፣ ወጉም አይደለም። መርዶ ለባለቤቱ አይሰጥም፣ ለቤተሰቡ ነው የሚሰጥ። እኔ ደግሞ በዚያ አገር ቤተሰብ የለኝም፤ ያሉኝ አከራዬና የነፍስ አባቴ ናቸው። ለእነርሱ ነግሮ በማግሥቱ በተገኘው የጭነት መኪና ተመለሰ። እነርሱም መከሩ። አሁን ብንነግራት ብቻዋን አውቶቡስ ላይ ትወጣለች አሉ። ሐዘንተኛ ብቻዋን መንገድ አትወጣም፤ ሰው ከቧት፣ ከፊት ከኋላ ተይዛ ነው የምትሄደው። ይህን ሲሰማ ነጋዴው፣ እርሱ እስላም ቢሆንም በከተማው ሐዘን ሁሉ የሚገኝ ሰው ነው፣ "የእኔ ፒካፕ ትውሰዳት፣ እኔም እሸኛታለሁ" አለ። ፒካፗ ግን ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ፖምፓዋ ሞቶ ቆማለች። እንግዲያስ አስቀድሞ ፖምፓው ይታደስ፣ ቀጥሎ መርዶው ይነገር፣ በማግሥቱ ጉዞ። ለአርባው እናደርሳታለን ተባብለው ተለያዩ። አሳቡ ክፋት የለበትም። እኔን ያንገሸገሸኝም ክፋት የሌለበት መሆኑ ነው፤ ክፉ ቢሆን የምቆጣው ሰው አገኝ ነበር።

እኔ ምንም አላውቅም። የማውቀው ሰዉ ሁሉ መለወጡን ነው። ከቤት ስገባ በአማርኛ የተጀመረው ወሬ በአገውኛ ያልቃል። አገውኛ ሰላምታ ከመመለስ በቀር አልሰማም ነበርና ጫማዬን እያወለቅኩ የማይገባኝን እሰማለሁ። መጤ ስለሆንኩ የሚያሙኝ መስሎኝ ስንት ጊዜ ለነፍስ አባቴ አሳቤን ተናዘዝኩ። እርሳቸውም መስቀላቸውን እያሳለሙኝ "ክፉ አታስቢ ልጄ፣ ይወዱሻል" ይላሉ። "ከአገርሽ የሰማሽው አለ?" ይሉኛል፣ የለም ስል "ደኅና ቢሆኑ ነው" ይላሉ። ለስለስ ባለ ድምፅ ነው የሚሉት። አከራዬ እንጀራውን ስታቀርብልኝ ዓይኗ ይሞላል፣ ምነው ስላት "ጭስ ነው" ትለኛለች። እሳት ባልነደደበት ቤት ጭስ።

ምሥጢሩ በአገውኛ ተይዞ ቢሆን ኖሮ እስከ ቀኑ በደኅና ይቆይ ነበር። ሾፌሩ ግን የወሎ ሰው ነው፤ እርሱ ጋ ሲደርስ ወሬው የግድ አማርኛ ይሆናል። እኔም የሰማሁት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚያ በፊት የሆነ ሌላ ነገር አለ። አንድ ጠዋት ክሊኒኩን ስከፍት የማዋለጃው አልጋ ላስቲክ አንሶላ ከጥጉ ላይ ክብ ሆኖ ተቆርጧል። በመቀስ አይደለም፣ በጩቤ ነው። አንሶላው አንድ ብቻ ነው የነበረን፤ ሁልጊዜ በሳሙና አጥቤ፣ በመድኃኒት ውሃ ነክሬ፣ በጥላ አሰጣዋለሁ። ዘበኛውን ብጠይቀው መሬት መሬት ያያል። በንዴት ተቀምጬ አለቀስኩ። ለእናቴ እንዳለቅስ ያልተፈቀደልኝ ሴት ለላስቲክ አለቀስኩ።

ነገሩን ያወቅኩት ሁሉ ከተነገረኝ በኋላ ነው። የናፍጣ ፖምፓ ማለት ናፍጣውን ከታንከር ስቦ ወደ ሞተር የሚገፋ፣ ከሞተሩ ጎን በሁለት ቡሎን የሚታሰር፣ የጭብጥ ያህል ብረት ነው። በሆዱ ውስጥ እንደ ሳንባ ከፍ ዝቅ የምትል ስስ ሽፋን አለች። የእኛይቱ መኪና በሽታዋ የዚያች መቀደድ ነበር። ሾፌሩ አዲስ ከመፈለግ ብሎ ዘበኛውን በጠጅ አባብሎ ከእኔ አንሶላ ቆርጦ ገጠመላት። መኪናዋም ተነሥታ እስከ ገበያው ድረስ ሄደችና እዚያው ሞተች። ላስቲኩ ናፍጣ ጠጥቶ አብጦ ነበር። ስንት ሴት ደሟንና ሽርት ውሃዋን ያፈሰሰችበት ላስቲክ። እኔ እኮ በእርሱ ተስቤ ነው ለእናቴ አርባ እንድደርስ የታሰበልኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ፖምፓ ፍለጋ ወደ ዳንግላ ሰው የተላከው። እዚያ የተገለበጠ የጭነት መኪና ነበር፤ ፖምፓው ተፈትቶ፣ ባለቤቱ ተለምኖ፣ መንገዱ በጎርፍ ተዘግቶ ተከፍቶ፣ ስንት ጊዜ ነገ ነገ ተብሎ፣ ወተት ተሸክሜ በሄድኩባት ዕለት ደረሰ።

ከሾፌሩ አፍ ሰምቼ ወደ ቤት ስመለስ አከራዬ በር ላይ ቆማለች። ነጋዴው በአቋራጭ ሰው ልኮባታል። ፊቴን አየችና ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

"እማማ፣ እርስዎ ያውቁ ኖሯል?"

"አውቄያለሁ ልጄ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እሱን አትጠይቂኝ፣ የኔ ዓለም። እሱን ብቻ አትጠይቂኝ።"

የነፍስ አባቴ ተጠርተው መጡ። ዣንጥላቸውን በሩ ላይ አራግፈው፣ ተቀምጠው፣ ውሃ ጠጥተው፣ በመጨረሻ ያሉኝን ብናገር የሚያምነኝ እነዚያው የነበሩት ሰዎች ብቻ ናቸው።

"ዛሬ አልሰማሽም" አሉኝ።

"ሰምቻለሁ አባ።"

"ከሾፌር አፍ ነው የሰማሽው። ያ መርዶ አይደለም፣ ወሬ ነው። ፖምፓው ሲደርስ ለነገ ንጋት ሰው ጠርተናል። ከዘንገና በፈረስ የሚመጡ አሉ፤ ያዋለድሻቸው ሁሉ ይመጣሉ። አሁን ተመለሱ፣ ሰምታለች ልንላቸው ነው?"

"ነገ ጠዋት አውቶቡስ ያልፋል። በእርሱ ልሂድ፣ በእግዜር።"

"ብቻሽን?"

"ብቻዬን።"

"እንደ ወደቀ ዕቃ? እናትሽ ደጃፍ ብቻሽን ብትወርጂ የሸዋ ሰው ምን ይለናል? ልጃቸው ጎጃም ስትኖር ሰው አልነበራትም አይሉም?"

"ምንም ይበሉ አባ። አርባዋ እንዳያመልጠኝ።"

"አያመልጥሽም። ፖምፓው መጥቷል" አሉ፤ ጸበል የመጣ ያህል በእርጋታ።

አከራዬ ከጎናቸው ሆና "እሺ በይ ልጄ" ትለኛለች። እሺ አልኩ። የነፍስ አባቴ ናቸውና ቃላቸውን መሻር አልቻልኩም። ምንም እንደማታውቅ ሰው እንድተኛ ታዘዝኩ፤ ተኛሁም፣ ማለት ጋደም አልኩ።

ሊነጋጋ ሲል በሩ ተመታ። "ተነሺ ልጄ፣ እንግዳ መጥቷል" ትላለች አከራዬ፣ እንግዳው ማን እንደሆነ ሁለታችንም የማናውቅ ይመስል። ስከፍት ግቢው ሙሉ ሰው ነው። ወንዶቹ ነጠላ አዘቅዝቀዋል፣ ፈረሶቹ አጥር ላይ ታስረው ጭቃ ይረግጣሉ። አንዱ ሽማግሌ "እናትሽ አርፈዋል" ሲል ሴቶቹ ባንድ ጊዜ ጮኹ። እኔም ጮኽኩ። ውሸቴን አልነበረም፤ እውነት ነው እንዳልልም ትናንት የሰማሁትን ዛሬ እንደ አዲስ መስማት ነበረብኝ። የራሴ ድምፅ ቀፈፈኝ።

በዚያ ጩኸት መካከል ከጠጠር መንገዱ ላይ የአውቶቡሱ ጡሩምባ ተሰማኝ። ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወርደው ነው። ብድግ አልኩና ወደ አጥሩ ሮጥኩ።

"ያዟት፣ ራሷን ልትጥል ነው" አለች አንዲቱ።

"ልቀቁኝ፣ አውቶቡሱ…"

"አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ እናት፣ ባክሽ አልቅሺው።"

በተናገርኩ ቁጥር አጠበቁብኝ። ሾፌሩ ከሁሉ ይልቅ ያለቅስ ነበር። እርሱም ትከሻዬን ይዞኛል፤ ሲለቀኝ አምስቱ ጣቶቹ ነጭ ነጠላዬ ላይ በግራሶ ታትመው ቀሩ። አውቶቡሱ ተራራውን ሲወጣ ሲያቃስት ሰማሁት፣ ከዚያ አልሰማሁትም።

ፀሐይ ወጣ ስትል ለቀስተኛው ቁጭ ብሎ ንፍሮ ሲቀርብለት እኔ ተነሥቼ ወደ ፒካፗ ሄድኩ።

"ሐዘንተኛ መኪና ስታሠራ ታይቶ አይታወቅም" አለችኝ አከራዬ እየተከተለችኝ።

"እኔ ካልቆምኩበት አይሠራም እማማ።"

ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። ሾፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ሁለቱን የናፍጣ ቱቦዎች ፈትቶ፣ አሮጌውን ፖምፓ ነቀለ። ጥቁር ፈሳሽ በጉልበቱ ወረደ። በካቻቢቴ ሆዱን ሲከፍተው ያበጠው ላስቲክ ወጣ። የታመመ ምላስ ይመስላል፤ ያሟልጫል፣ ይንጠባጠባል። በሁለት ጣቶቹ አንጠልጥሎ አሳየኝ።

"ይኸውልሽ ንብረትሽ። መልሰሽ ትሰፊው እንደሁ።"

"ጣለው።"

"መንግሥት ቢጠይቅሽስ?"

"ጣለው ብዬሃለሁ።"

ነጋዴው ፊቱ ቀላ። "ወላሂ ለእኔ ከአሮጌ ጎማ ነው የቆረጥኩት ብሎኝ ነው፣ እኅት ዓለም። አንተ ሰውዬ ደግሞ ከሐዘንተኛ ጋር አትቀልድ።"

"ካልቀለድኩላት ማን ይቀልድላታል? አንድ ወር ሙሉ ፊታችሁን አጨፍግጋችሁ ነው የያዛችኋት።"

ይህን ሲል እውነቱን መሆኑ አናደደኝ። ሰውየው አፍንጫውን በጠረገበት ጨርቅ ቡሎኖቹን ይጠርግ ነበር፤ ያንን ማየት አልቻልኩም። ክሊኒክ ሄጄ የተቀቀለ ጨርቅ አመጣሁለት።

"ሐኪሟ፣ ይቺ በሽተኛ ቁስል የላትም" አለ።

"የላትም። አንተ ግን ቆሻሻ ታበላታለህ። ደንገጡር ሆኜ ካገለገልኩህ አይቀር በዚህ ጥረግ።"

ነጋዴው ሳቀ፣ ከዚያ ሐዘን መሆኑ ትዝ ሲለው አቆመ።

የዳንግላው ፖምፓ ከሌላ ዓይነት መኪና የወጣ ነው። ቀዳዳዎቹ ልክ ናቸው፤ ወደ ሞተሩ ሆድ ገብታ የምትመታው ክንዱ ግን ረዘም ትላለች። ሾፌሩ ለካት፣ አፏጨ፣ ሱቅ ገብቶ የሻይ ቅጠል ካርቶን ይዞ ወጣ። ደራርቦ ቆረጠው፣ በልብስ ሳሙና ለቀለቀው፣ በፖምፓውና በሞተሩ መካከል አስገብቶ ክንዱን ወደ ኋላ አራቀው።

"ካርቶን?" አልኩት።

"ካርቶን ያንሳታል?"

"ናፍጣ ላስቲክ ሲያበሰብስ አይተህ ካርቶን ታስገባለህ?"

"እስከ ሸዋ ይይዛል። ከሸዋ ወዲያ ምን አገባሽ፣ አንቺ ወርደሻል።"

ከዚያ የፖምፓውን ትንሽ የእጅ መጫኛ በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ጫነ፤ ነጋዴው ከናፍጣ ማጣሪያው፣ ከፊልትሮው ላይ አንዲት ቡሎን ላላ አደረገ። አየሩ እየተንፈቀፈቀ፣ አረፋ እየደፈቀ ወጣ። አየሩ አልቆ ጥሩ ናፍጣ ሲፈስ ቡሎኗ ጠበቀች። ሾፌሩ ቁልፉን ሲያዞር መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፣ አስነጠሰች፣ በጥቁር ጭስ ግቢውን ሞልታ ተነሣች። ከለቀስተኞቹ አንዲቱ እልል ብላ ጀመረች፤ ጎረቤቷ አፏን በእጇ ያዘችላት። እኔም፣ እመቤቴ ይቅር ትበለኝ፣ ያንን የሚገማ ጭስ እንደ ምሥራች ሳብኩት።

በማግሥቱ ተነሣን፤ የአርባው ዋዜማ ነው። ከፊት ነጋዴውና የነፍስ አባቴ ከሾፌሩ ጋር፣ ከኋላ አከራዬና እኔ፣ ሌሎችም ለሽኝት የወጡ ሴቶች፣ የበሶ ስልቻ፣ የጠላ ማሰሮ፣ የናፍጣ ጄሪካን። መንገድ ላይ ሌሊቱንም ብንነዳ አርባው ቀን ከቅዳሴ በፊት ቤት እንገባለን ብለው ነገሩኝ። እኔም እናቴን የማየት አይደለም፣ እርሱ አልፏል፤ ስሟ በደብሯ ሲጠራ፣ ወንድሞቼ መካከል ቆሜ፣ "እግዚኦ" ስል ልገኝ ነበር የፈለግኩት። ከዚያ ሌላ ምንም አልለመንኩም።

ጢሊሊን እንዳለፍን መኪናዋ ማሳል ጀመረች። ጥቂት ሄዳ ቆመች። ሾፌሩ ኮፈኑን ሲከፍት የሳሙናና የናፍጣ ገንፎ ነው የጠበቀው። ካርቶኑ ሟሙቶ ቡሎኖቹ ላልተዋል፤ ረጅሙ ክንድ ተሰብሮ ሞተሩ ውስጥ ቀርቷል። ሴቶቹ ወርደው ያለቅሱ ጀመር፤ ለእናቴ ይሁን ለመኪናዋ አልለይ አለኝ። አንድ ገበሬ ቤቱ አሳደረን። ጠዋት ሾፌሩ ተነሥቶ አዲስ መላ አመጣ።

"ፖምፓ ለምን ያስፈልገናል? ጄሪካኑን ከላይ እንሰቅላለን፣ በቱቦ ቁልቁል ይወርዳል። ሐኪሟ፣ እንደናንተ ግሉኮስ።"

"ማን ይይዘዋል?" አለ ነጋዴው።

"እሷው ናት እንጂ። ግሉኮስ የያዘ ሌላ ሰው አለ?"

ያዝኩት። ካልያዝኩት አንሄድም። ከኋላ ቆሜ፣ በጋቢናው ጣሪያ ላይ ጄሪካኑን አቅፌ፣ መኪናዋ ጉድጓድ በገባች ቁጥር ናፍጣው ከአፉ እየዘለለ በእጅጌዬ ገብቶ በብብቴ ይወርዳል። ለሐዘን ያስነከርኩት ጥቁር ቀሚስ ከላይ እስከ ታች ራሰ። ከንፈሬ ላይ ሳይቀር ቀመስኩት። ዛሬ ከቤቴ አጠገብ የናፍጣ መኪና ሲያልፍ መስኮት እዘጋለሁ፤ ጎረቤቶቼ ኩራት ይመስላቸዋል።

አንድ ዳገት ሥር ጄሪካኑ ባዶ ሆነ፤ መኪናዋም ቆመች። ዳገቱ ላይ በዋርካና በጽድ የተከበበ ቤተ ክርስቲያን አለ። የፍልሰታ ቅዳሴ ሊገባ ደወል ይደወላል። የነፍስ አባቴ ከጋቢና ወርደው አማተቡ።

"አርባዋ ዛሬ ነው" አሉ። "አገሯ ባንደርስም ምድር ሁሉ የእግዚአብሔር ናት። እዚህ እናስፈታት።"

ሁሉም እሺ አሉ፤ ሁሉም ደክሟቸዋል። እኔ ሌላ ምን ልል እችል ነበር? እንደ ደረስን በሩ ላይ ቆምኩ። ያ ሽታ፣ ያ ቅባት፣ ከጣቶቼ የሚንጠባጠበው ነገር፤ ንጹሕ ልብስ ለብሼ ካልሆነ ገብቼበት የማላውቀው ቤት ነው።

"ግቢ ልጄ" አለችኝ አከራዬ። "እግዜር ሽታ አይጸየፍም።"

"እኔ እጸየፋለሁ እማማ።"

የነፍስ አባቴ ተመልሰው መጡና የእናቴን የክርስትና ስም ጠየቁኝ። እስከዚያች ሰዓት አያውቁትም ነበር፤ የሚያውቁት የእኔን ነው። ነገርኳቸው። አንዴ ደገሙት፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ገቡ። አከራዬም፣ ሴቶቹም ገቡ። ነጋዴው ከግቢው ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ራሱን በእጁ ይዟል። እኔ ከደጀ ሰላሙ አጥር ተጠግቼ ቆምኩ። ዝናቡ መጣ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ዝናቡ ሲወርድበት ከውስጥ ዜማው እንጂ ቃሉ አይሰማም። ሲያዜሙ ሰማሁ። "እግዚኦ" ሲባልም ሰማሁ። የተጠራ ስም ግን አልሰማሁም።

ሲወጡ የነፍስ አባቴን ጠየቅኳቸው። "ተጠርቷል?"

"ተጠርቷል ልጄ" አሉኝ።

ለስለስ ባለ ድምፅ ነው ያሉኝ። ያንን ወር ሙሉ "ደኅና ቢሆኑ ነው" ሲሉኝ የነበረው ያው ድምፅ ነው። እንዴት ልመናቸው? ደክሟቸው ነበር፣ ርቧቸው ነበር፣ የደብሩ ካህናት እንግዳ ናቸው፣ ግርግር ነበር። ምላሳቸው የለመደውን የእኔን ስም ጠርተው ይሆናል። ረስተውት፣ እንዳላዝን ብለው ተጠርቷል ብለውኝ ይሆናል። ይህን ያደርጋሉ፤ ሲያደርጉ አይቻለሁ። ደግሜ አልጠየቅኳቸውም፣ ብጠይቃቸው ያንኑ በዚያው ድምፅ ይሉኝ ነበር።

ቤት የደረስኩት በሌላ ቀን፣ በአውቶቡስ፣ ከአከራዬ ጋር ነው። ድንኳኑ ፈርሷል፣ ከጎረቤት የተዋሱትን ሰሐን ይመልሳሉ። ወንድሞቼ ምነው ቀረሽ አላሉኝም። ቀሚሴን አሽትተው እርስ በርስ ተያዩ።

አሁንም ከአገሬ ርቄ ነው የምኖረው። የነፍስ አባቴም አከራዬም አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር፣ እኔን ለመጠበቅ ብለው ያላደረጉት የለም። ግን ያን ዕለት ከሸኚዎቹ ጋር ወደዚያ ቤተ ክርስቲያን የገባችሁ ሴቶች፣ ያስቀደሳችሁ የአገሩ ሰዎችም፣ በሕይወት ያላችሁ ትኖራላችሁ። ናፍጣ ናፍጣ የምትሸት ሴት ደጅ ላይ ቆማ ያያችሁ። እናቴን ያስፈታችሁላት ያቺ ሴት እኔ ነኝ። እለምናችኋለሁ፣ በፍትሐቱ የተጠራው የማን ስም ነው? የእናቴ ከሆነ ስሙን ጻፉልኝ፤ እኔ እዚህ ያልጻፍኩት ሆነ ብዬ ነው። የእኔ ከሆነ የእኔ ነው በሉኝ። ምንም ካልተጠራም አልተጠራም በሉኝ፣ እኔው እዚህ አስጠራዋለሁ። ሰው አትሰብስቡ፣ እስኪነጋም አትጠብቁ። ለእኔ ለራሴ ላኩልኝ።